የሚያነክሰው ሞተር

ልጅ እያለሁ ሞተር ብስክሌት በጆሮዬ እለይ ነበር። ቤታችን መካ፣ መንሱር ሰፈር፣ ከሱቆቹ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ከታች የሚያልፈው ድምፅ ሁሉ በግድግዳና በግድግዳ መሀል ተጨንቆ ወደ እኛ መስኮት ይወጣል። እዚያ አገር ሞተር ብስክሌትን ደባብ ነው የምንለው። የጃፓኑ ባለ አራት ሲሊንደር ደባብ ሲመጣ፣ የቸኮለ ልብስ ሰፊ መኪናውን ሲረግጥ የሚሰማ ዓይነት የማይቆራረጥ ድምፅ አለው። ትንሿ ባለ አንድ ሲሊንደር ደግሞ ጠጠር እንደገባበት ቆርቆሮ ትንኳኳለች። የአሜሪካኑ ግን ያነክሳል። ዱ-ዱም ይላል፣ ያርፋል፤ ዱ-ዱም ይላል፣ ያርፋል። ጠፋ ስትሉት ተመልሶ ይነሳል። እናቴ ዘሃራ ድምፁን መጀመሪያ የሰማች ቀን "ይሄ ነገር ሳል ይዞታል፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት" ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

ለምን እንደሚያነክስ ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴ ሁሴን የወሎ ሰው ነው፤ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ሙያ ለምዶ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ ወደ ሳዑዲ የተሻገረ። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው በታናሽ ወንድሜ ስም "አቡ ዓሊ" እያለ ነበር። የመጀመሪያ ልጁ እኔ ሉባባ ሆኜ ሳለ ለምን በዓሊ እንደሚጠራ ጠይቄ፣ ልማዱ ነው ተባልኩ። ዓሊ እኮ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ወደ እናቴ ጉያ የሚሮጥ ልጅ ነበር። የዘይት ሽታ የምወደው፣ የተፈታ ሞተር ሳይ የምቆመው እኔ ነኝ። እንግዲህ ንዴቴ ከዚያ ይጀምራል መሰለኝ።

አባቴ የሚሠራው ጅዳ ነበር፣ ኑዝላ ውስጥ ባለ አንድ ወርሻ። ወርሻ የሚባለው ጋራዥ ነው። ሳምንቱን እዚያው ያድርና ሐሙስ ማታ ወደ መካ ይመጣል፤ ዓርብን አብሮን ውሎ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን እኔ ነኝ ወደ እሱ የምሄደው። እዚያው ጅዳ፣ ሩዋይስ የምትኖረው አክስቴ ከድጃ ጋ አድራለሁ፤ ጠዋት አባቴ በአሮጌው ዋኔት፣ ማለት ከኋላ ጭነት በሚይዘው መኪናው፣ መጥቶ ይወስደኛል። በዚያ በጅዳ እርጥብ ሙቀት ልብሳችን ከጀርባችን ተጣብቆ፣ መስኮቱን ከፍተን፣ የባሕሩን ሽታ እየሳብን ወደ ኑዝላ እንነዳለን። የቤንዚን፣ የተቃጠለ ጎማ፣ ከጎን ካለችው ምግብ ቤት የሚመጣው የፉል ሽታ፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሸቱኝ እስከ ዛሬ የዕረፍት ጊዜ የደረሰ ይመስለኛል።

የአማርኛዬ ነገር ሲነሳ ሰዎች ይስቃሉ። የወጥ ቤት ዕቃ ስም በዓረብኛ ነው የማውቀው፤ የሞተር ዕቃ ስም ግን በአባቴ አማርኛ ነው። ጭስ ማውጫው ማርሚታ ነው። ደባቡ ቆሞ ሳለ፣ ነዳጅ ሳይጨመርለት ሞተሩ በራሱ ቀስ ብሎ የሚዞርበት ፍጥነት ሚኒሞ ነው። ከታች ሆኖ የሚሽከረከረው ዋናው ዘንግ ኮሎ፣ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ክንድ ቤላ ነው። አባቴ እነዚህን ቃላት ሲጠራ ከኮምቦልቻ ይዟቸው የመጣቸው ዘመዶቹ ይመስሉ ነበር።

የአሜሪካኑ ደባብ የመጣው የወርሻው ባለቤት ከነበሩት ከዓም ሳሌም ዘንድ ነው፤ ዓም ማለት አጎት ነው፣ ለትልቅ ሰው አክብሮት። ዓም ሳሌም የአባቴ ከፊል፣ ማለት በአገሩ ሕግ ዋስ የሆኑት አሠሪው፣ ነበሩ፤ ኢቃማው፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በእሳቸው እጅ ነው የሚታደሰው። ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ የተገጨ ደባቡን ለእሳቸው ጥሎላቸው ሄደ። ለዓመታት በወርሻው ጓሮ አቧራ ጠጥቶ፣ ድመት ወልዳበት ኖረ። አንድ ቀን ዓም ሳሌም ከአባቴ ጋር ሻይ እየጠጡ በምርኩዛቸው ወደዚያ አመለከቱና፣ "ያ አቡ ዓሊ፣ ይሄን ሬሳ ካስነሳኸው ያንተ ነው" አሉት። እኔ እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቃሉን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አባቴ ሥራው ካለቀ በኋላ ባለው ጊዜ ሁሉ እሱን ሲጠግን ስንት የትምህርት ቤት ዕረፍት እንዳለፈ አላስታውስም። ሞተሩን ፈቶ ጨርቅ ላይ ዘረጋው። ከዚያ ጠራኝና አሳየኝ። ሁለት ሲሊንደር አለው፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ጋደል ብለው፣ ተቀራርበው እንደበቀሉ የፍየል ቀንዶች ከአንድ ሥር ይወጣሉ። በመሀላቸው ያለው ማዕዘን አርባ አምስት ዲግሪ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ፒስተን ኮሎው ላይ የራሱን ፒን ይሰጡታል፤ ይሄኛው ግን ሁለቱንም ቤላ አንዲት ፒን ላይ ነው የሚሰካቸው።

"ሁለት ሰው አንድ ፔዳል ረግጦ ብስክሌት ሲነዳ አስቢ" አለኝ። "አንዱ ይረግጣል፤ ሌላው ወዲያው ይደርስበታል። ከዚያ ፔዳሉ ዞሮ እስኪመጣ ሁለቱም ይጠብቃሉ።"

"ስለዚህ ነው የሚያነክሰው?"

"አያነክስም። ሲፈጠር እንዲህ ነው። የሚያነክስ የሚመስለው ሌላውን ለለመደ ጆሮ ነው።"

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው "ያነክሳል" ሲል አባቴ አርፎ አይቀመጥም ነበር። ደንበኛ ሁሉ መጥቶ ሲያየው "ለምን እኩል እንዲመታ አታደርገውም?" ይለዋል። አባቴ የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ ስለ ፒኗ ያስረዳል። ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ሲወጡ "ካርቡራቶሩን ጠበቅ ብታደርገው ይስተካከላል" ይሉታል። እኔ እንደዚያ ሲሉት በንዴት የተቀመጥኩበትን ጎማ በተረከዜ እደበድብ ነበር። እሱ ግን ለሚቀጥለው ሰው እንደ አዲስ ያስረዳል።

ሞተሩ የተነሳው ከረመዳን በኋላ ባለው የዒድ ሰሞን ነው። እኔ መካ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣን ሳለ፣ ከሩቅ፣ ከሱቆቹ ጫጫታ በታች፣ ያ ድምፅ መጣ። ዱ-ዱም፤ ዱ-ዱም። "አባ ነው" አልኩ። እናቴ "የመኪና ድምፅ ነው፣ ነይ ያዥልኝ" አለችኝ። አንሶላውን ጥዬ ደረጃውን ወረድኩ። አባቴ ነጭ ቶቡን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ፊቱ አቧራ ለብሶ፣ በጠባቧ መንገድ ቀስ ብሎ እየመጣ ነበር። ሱቅ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ ወጡ። የመስታወት ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ዕቃዎቹ በመደርደሪያው ላይ ሲንቀጠቀጡ ሁለት እጁን ዘርግቶ ደገፋቸው። አባቴ ከፊት ለፊቴ ቆመ፤ አላጠፋውም። ድምፁን እንድሰማው ትቶት ፊቴን ያይ ጀመር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በነጋታው ጠዋት ከኋላው አስቀምጦ ወደ ዐረፋት ወሰደኝ። የሐጅ ጊዜ ስላልነበር ሜዳው ባዶ ነው፤ መንገዱ ሰፊ፣ የኒም ዛፎቹ በረድፍ የቆሙ። እጄን በወገቡ ዙሪያ አድርጌ ጉንጬን ጀርባው ላይ ለጠፍኩ። የሞተሩ ምት በእሱ ጀርባ አልፎ ወደ ደረቴ ይገባል። አንድ ቦታ ላይ ቆመን ውሃ ጠጣን። "ሚኒሞውን ስሚ" አለኝ። "እንዲህ ሲሆን ነው ልክ የሚሆነው። ከዚህ በታች ብታወርጂው ድምፁ ይበልጥ ያምራል፤ ዱ... ዱም እያለ ይንገዋለላል። ግን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ከሞተሩ ጋር ነው የሚዞረው። ሞተሩ ቀስ ሲል ፓምፑም ቀስ ይላል። በዚህ ሙቀት ዘይቱ ቀጥኖ ከላይ ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያ ብረት በብረት ይበላላል።" ይህን የነገረኝ እንደ ቁም ነገር፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገር ነው። እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁት።

ከዒዱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዓም ሳሌም ግማሽ አካላቸው ደነዘዘ፤ ምላሳቸው ተያዘ። ወርሻው በልጃቸው በነዋፍ እጅ ገባ። ነዋፍ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ ለሠራተኞቹ ምሳ ያመጣ ነበር። ግን የአባቱ ንብረት የትኛው እንደሆነ ሊያይ በወርሻው ሲዞር ደባቡን አየ። ኢስቲማራው፣ ማለት የተሽከርካሪው ወረቀት፣ በዓም ሳሌም ስም ነው። የውጭ ሰው በስሙ እንዲያወጣ ስላልተመቸ በእሳቸው ስም እንዲቆይ አባቴና እሳቸው ተስማምተው የተዉት ነው። ነዋፍ ቁልፉን ጠየቀ። አባቴ ሰጠው።

ይህን አባቴ ዓርብ ቀን ምሳ ላይ እንደ ዋዛ ሲነግረን እናቴ ጉርሻዋን ወደ ሳህኑ መለሰችው።

"ሰውዬው ሰጥቼሃለሁ ብለው የለ እንዴ? ለልጁ ንገረው።"

"ነገርኩት። 'አባቴ ይቀልዳል' አለኝ።"

"እሳቸውን ጠይቅልኝ በለዋ።"

"እንዴት ብዬ ልጠይቅ፣ ዘሃራ? ሰውዬው አፋቸው አይታዘዝላቸውም። አልጋቸው አጠገብ ሄጄ ደባቤን አስመልሱልኝ ልበል?"

"እኔ ሰምቻለሁ" አልኩ። "እኔ ምስክር ነኝ።" አባቴ ፈገግ ብሎ ሩዙን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። የዚያን ቀን ሩዝ አልበላሁም።

በሚቀጥለው የትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ጅዳ ስሄድ ወርሻ መግባት ተከለከልኩ። አድገሻል ተባልኩ። አክስቴ ከድጃ ዐባያ፣ ማለት ሰውነት የሚሸፍነውን ጥቁር ልብስ፣ ገዛችልኝ፤ መስኮት አጠገብ እንኳ ስቆም "ግቢ" ትለኛለች። ሩዋይስ ኮርኒሽ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ መንገድ ብዙም ስለማይርቅ ነዋፍ አመሻሽ ላይ ወደዚያ ሲሄድ በእኛ በኩል ያልፋል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ ያው የአባቴ ሥራ ነበር። ከዚያ ማርሚታውን አውጥቶ ክፍት ቧንቧ አስገጠመ፤ ጆሮ የሚያደነቁር ሆነ። ያም ይሁን። አንድ ቀን ግን ከታች ካለችው ቡፊያ፣ ከትንሿ መክሰስ ቤት፣ ጭማቂ ሊገዛ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ያኔ ሰማሁት። ዱ...... ዱም። በመሀሉ ያለው ዕረፍት ረዝሟል። ሚኒሞውን አውርዶታል። ጓደኞቹ ዙሪያውን ከበው በስልካቸው ድምፁን ይቀዳሉ፤ በጣም አምሮ ነበር፣ አልዋሽም። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ማንኪያ በብርጭቆ ጠርዝ እንደመንካት ያለች ቀጭን ኳኳታ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። አልተጠራጠረኝም። "ኳኳታው ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወይስ ሁልጊዜ?" ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። "ሞቆ ነበር" አልኩት። ጠዋት ዋኔቱ ውስጥ አስቀምጦኝ ወደ ኑዝላ ሄድን፤ ከዚያ ወደ መካ ሊያደርሰኝ ነው። ከወርሻው በር ላይ አቆመና "እዚሁ ጠብቂኝ" አለኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ነዋፍ ደባቡ ላይ እንደተቀመጠ ስልክ ያወራል። አባቴ ስልኩን እስኪጨርስ ጠበቀው።

"ነዋፍ፣ ሚኒሞውን መልሰው። ዘይት አይደርሰውም" አለው በዓረብኛ።

"ድምፁን አልሰማህም? በጅዳ እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው የለም።"

"ሰምቻለሁ። ድምፁ የሚያምረው ሊሞት ስለሆነ ነው። የካርቡራቶሩን ብሎን አንድ ዙር ልጨምርልህ፤ ደቂቃ አይፈጅም።"

"አንተ እኮ የሠራኸውን ሰው ሲነካብህ አትወድም፤ ችግሩ እሱ ነው።" ነዋፍ እየሳቀ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ኻላስ፣ በቃ፣ አቡ ዓሊ። ደባቡ የኔ ነው።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ ካርቡራቶሩን አየ፤ እጁን ግን አልሰነዘረም። ወደ ዋኔቱ ተመለሰ። እኔ ወርጄ ለነዋፍ ልነግረው፣ ልጮህበት፣ የፒኗን ነገር፣ የፓምፑን ነገር ላስረዳው ፈልጌ ነበር። ዐባያዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ማን ይሰማኛል? የአባቴን ቃል ያልሰማ የእኔን ሊሰማ ነው?

ብዙ አልቆየም። ነዋፍ ኮርኒሹ ላይ በጓደኞቹ መሀል ሲነዳ ሞተሩ በድንገት ተቆለፈ፤ የኋላ ጎማው አብሮ ቆመና አሽቀንጥሮ ጣለው። አላህ ጠብቆት ክንዱ ተላጠ፣ ትከሻው ተሰበረ እንጂ ሌላ አልሆነም። በሰው ፊት መውደቁ ግን ከስብራቱ ይልቅ አሞታል። ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ወርሻ መጣና አባቴን ሞተሩን በፊቱ እንዲፈታው አዘዘው። አባቴ ፈታው። ዘይት የሚያርፍባቸው ቀለበቶች ጠቁረው፣ ተልጠው፣ ከኮሎው ጋር ተጣብቀው ነበር። አባቴ አንስቶ አሳየው።

"አንተ ነህ የገጠምከው" አለው ነዋፍ። "በደንብ ብትገጥመው አይቆለፍም ነበር።"

"ሚኒሞውን ስታወርድ ነግሬሃለሁ።"

"ሊገድለኝ የነበረውን ነገር አንተ ነህ የሠራኸው። አሁን መልሰህ ትሠራዋለህ።"

"አልሠራውም" አለው አባቴ።

ይህን ሁሉ እኔ በቦታው ሆኜ አልሰማሁም፤ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የመናዊ ነው በኋላ ቤታችን መጥቶ ለእናቴ ያወራላት። አባቴ ራሱ የተናገረው "ከወርሻው ወጥቻለሁ" የምትለዋን ብቻ ነው። ነዋፍ የአባቴን ኢቃማ ይዞ ለተወሰነ ጊዜ አንገላታው። ወረቀት የሌለው ሰው ከአገር ይባረራልና፣ እነዚያን ሳምንታት እናቴ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር፤ አባቴ ሱቅ እንኳ አይወርድም። በመጨረሻ የሰፈር ሽማግሌዎች ገብተውበት ወደ ሌላ ከፊል እንዲዛወር ፈቀደለት። አባቴ መካ ውስጥ የውሃ ቦቴ ሹፌር ሆነ። ከዚያ በኋላ ሞተር ሲፈታ አይቼው አላውቅም። መፍቻዎቹን በዘይት ጠራርጎ፣ በሣጥን አድርጎ፣ ለየመናዊው ሰጠው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ብቻ አይደለም። ወሬው ነው። በመንሱር ሐበሻ ሁሉ ዘንድ የተወራው፣ አቡ ዓሊ የገጠመው ሞተር የከፊሉን ልጅ ሊገድለው ነበር ተብሎ ነው። ሠርግ ቤት፣ ሴቶች በተቀመጡበት፣ እናቴ ስትገባ ድምፃቸውን ቀነስ ያደርጋሉ። አንዲት ጎረቤታችን አንድ ቀን በአዘኔታ "ወላሂ፣ ሰው እኮ ይሳሳታል" አለቻት። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። "አልተሳሳተም" አልኩ። ስለ ዘይቱ ፓምፕ ማስረዳት ጀመርኩ። ሴቶቹ ተያዩና ሳቁ። "ይቺ ደግሞ መካኒክ ሆናለች" አሉ። ደባቡ ያነክሳል ላሉት ሁሉ አባቴ ሲያስረዳ እነሱ ራሳቸውን ነቅንቀው ሲወጡ እንደነበረው፣ እኔም እንደዚያው ቀረሁ። አባቴ ደግሞ ለማንም አንዲት ቃል አልተናገረም። ዓም ሳሌም እስኪሞቱ ድረስ በየጊዜው እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰው ደኅንነት ያወራላቸዋል። ስለ ደባቡ አላነሳም።

አሁን ጅዳ ነው የምኖረው። ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አነሳለሁ፤ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ እስከ ዛሬ ኢቃማዬን እያሳደስኩ። መኪና እነዳለሁ። ኮርኒሹ ላይ ሴቶች በደባብ ሲያልፉ አያለሁ፤ ከራስ መከላከያቸው ሥር ሻሻቸው ይውለበለባል። ደስ ይለኛል። ቅናትም ይይዘኛል። አንዳንድ ጊዜ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ባለፈው አባቴን ለዓይኑ ሕክምና ከመካ አምጥቼው ነበር። ስንመለስ የአሥር ዓመቷ ልጄ ሪም ከኋላ ወንበር ሆና፣ የዚያ የአሜሪካኑ ፋብሪካ ደባቦች በሚሸጡበት ትልቅ መስታወታም ሱቅ ስናልፍ "እንግባ፣ እንግባ" አለች። ልለፍ ብዬ ነበር። አባቴ "ልጅቷ ትይ" አለ። ገባን። ሻጩ ልጅ እግር ሳዑዲ ነው፤ አባቴን "ያ ዓም" ብሎ በክብር ወንበር አቀረበለት። ሪም ስትለምነው አንዱን አስነሳላት። አባቴ ዓይኑ ላይ መነጽር እንዳደረገ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።

"ይሄኛው እኩል ይመታል" አለ። "ፒኗን ለይተዋታል።"

ሻጩ ገርሞት አየው። አዎ፣ አንዳንዶቹ አዲሶቹ እንደዚያ ናቸው፤ የቀድሞውን ድምፅ ለሚወድ ደግሞ ያው አሉ፣ ብሎ ሌላ አስነሳ። ዱ-ዱም፤ ዱ-ዱም። እኔ ዞር ማለት ነበረብኝ። አባቴ ግን በእርጋታ "ሚኒሞውን ሰው ቢያወርደውስ?" አለው። ሻጩ ኮምፒውተር እንደሚቆጣጠረው፣ ዘይቱ ካነሰ ራሱ እንደሚያስተካክል ነገረው። "ማሻአላህ። ጥሩ አድርገዋል" አለ አባቴ፤ በእውነት ደስ ብሎት። ሻጩን አመስግነን ወጣን።

ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ ብዙ እንደነዳሁ መቻል አቃተኝ።

"አባ፣ ለምንድነው ያኔ ዝም ያልከው?"

"መቼ?"

"ነዋፍ ባጠፋው አንተን ሲወቅሱህ። ለሰዎቹ ለምን አልነገርካቸውም?"

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በቶቡ ጫፍ ጠረገ። "ለሱ ነግሬዋለሁ። ለሱ ነበር መንገር የነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ለሰፈሩ ሁሉ ባወራ ሞተሩ ይነሳል?"

"ስምህስ?"

"ልጅ ነበር እኮ፣ ሉባ። አባቱ ወድቀውበት፣ ወርሻ በላዩ ላይ ተጥሎበት፣ ደባብ ላይ ሲወጣ ብቻ ነበር የሚስቀው። አሁን እሱም ሸብቷል፤ ሐረም መስጊድ ውስጥ አግኝቼው ነበር።"

"ምን አለህ?"

"'ልጆችህ ደኅና ናቸው ወይ?' አለኝ።" መነጽሩን መልሶ አደረገና ቀጠለ፤ "ደግሞ እኔ ቦቴ በመንዳቴ አልከፋኝም። ወርሻ ሳለሁ እናንተን የማያችሁ ዓርብ ዓርብ ነው። ቦቴው ላይ ሳለሁ ማታ ማታ ቤቴ ነበርኩ። ዓሊን ቁርኣን ያስቀራሁት፣ አንቺን ሒሳብ ያስጠናሁሽ ያኔ አይደለም?"

እውነቱን ነው። የሒሳብ ደብተሬ ላይ የተደፋው ጭንቅላቱ፣ የረጠበ የሸሚዙ እጅጌ፣ ከእራት በኋላ ከዓሊ ጋር ሲታገል የሚስቀው ሳቅ፤ ሁሉም ከዚያ በኋላ ያሉ ዓመታት ናቸው። ይህን ሁሉ አንድም ቀን ከደባቡ ጋር አያይዤ አስቤው አላውቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቅስ ይበልጥ አናደደኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ እሱ ስናደድ፣ እሱ ከነገሩ ወጥቶ ሄዷል፤ ንዴቱን ይዤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያኔ ልጅ ሆኜ የማውቀውን የሚሰማኝ አጣሁ። ዛሬ መሪ ይዤ፣ ደመወዝ እየበላሁ፣ ልጅ እያሳደግሁ፣ ሙግቱ የሚያስፈልገው ሰው ሳይኖር እሟገታለሁ።

አባቴ መቀመጫውን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሪም ከኋላ አንገቷን በወንበሮቹ መሀል አስገብታ በዓረብኛ ስለ አያቷ ጠየቀችኝ።

"ማማ፣ ጂዲ ተቆጣ እንዴ?"

"የለም። የተቆጣሁት እኔ ነኝ።"

"በማን?"

አባቴን አየሁት። አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግቶ፣ እንቅልፍ ወስዶታል። የመኪናውን ማቀዝቀዣ ንፋስ ከፊቱ መለስኩለት።

"ቀስ ብለሽ አውሪ" አልኳት፤ "ተኝቷል።"